አንድ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት

(ቅዳሜ ረፋድ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ። የቀበሌ ሠራተኛው አቶ ሸምሱ ልጁን ሂክማን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥቶ ቤት ማስተማር ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የሂክማ የዜግነት ትምህርት መምህር የሆነው ዳምጠው የግቢው በር ላይ ቆሞ ይከራከረዋል።)

ሸምሱ፦ አልመልሳትም አልኩህ እኮ፣ መምህር! በአማርኛ ነው የነገርኩህ።

ዳምጠው፦ አቶ ሸምሱ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሰኞ ይዘጋል። ስሟ ከሌለ የዘንድሮ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው።

ሸምሱ፦ እዚህ እየተማረች ነው። ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት፣ ከሥራ በኋላ ሦስት ሰዓት። ቅዳሜ ሙሉ ቀን።

ዳምጠው፦ ማን ነው የሚያስተምራት?

ሸምሱ፦ ይኸው ፊትህ የቆመው!

ዳምጠው፦ ሁሉንም ትምህርት?

ሸምሱ፦ ሁሉንም። ስፖርት ብቻ እናቷ ጋ ነው። ውሃ ታስቀዳታለች።

ዳምጠው፦ እንግሊዝኛስ?

ሸምሱ፦ እንግሊዝኛ... እሱን እንኳ እሷ ናት የምታስተምረኝ። ዋናው ትምህርቱ አለመቋረጡ ነው።

ዳምጠው፦ ፈተና ሰጥተዋት ያውቃሉ?

ሸምሱ፦ ሰጥቻታለሁ። አንደኛ ወጣች።

ዳምጠው፦ ከስንት ተማሪ?

ሸምሱ፦ አንተ ደግሞ! ከአንድ። ምን ያስቅሃል?

ዳምጠው፦ አልሳቅኩም። ፀባይዋስ እንዴት ነው?

ሸምሱ፦ ማክሰኞ ዕለት አርፍዳ መጣች።

ዳምጠው፦ ከየት?

ሸምሱ፦ ከመኝታ ቤት። ሳሎን ለመድረስ አሥር ደቂቃ ሙሉ! እኔም ተናደድኩና «ወላጅ ሳታመጪ አትገቢም» አልኳት።

ዳምጠው፦ እሺ?

ሸምሱ፦ ጓዳ ገብታ እናቷን ይዛ መጣች።

ዳምጠው፦ ታዲያ እንዴት ሆነ?

ሸምሱ፦ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን አጥፍቼ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ተወው እሱን፣ አንተ የመጣኸው ለደብዳቤው እንደሆነ አውቃለሁ።

ዳምጠው፦ ለየትኛው ደብዳቤ?

ሸምሱ፦ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስገባሁት አቤቱታ ነዋ! «መምህሩ ክፍል ውስጥ የግል ፖለቲካውን ይሰብካል» ያልኩት። «እባክዎ ያንሱልኝ» ልትለኝ ነው።

ዳምጠው፦ አይደለም። ትናንት ጠርተው ጠየቁኝ። «እውነት ነው» ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

ሸምሱ፦ ምን አደረግክ?

ዳምጠው፦ ብያለኋ። ምርጫው ሲቃረብ አፌን መያዝ አቃተኝ። ማንን እንደምመርጥ፣ ለምን እንደምመርጥ፣ ከንቲባው ለምን መውረድ እንዳለበት ሁሉንም ለተማሪዎቹ ዘረገፍኩላቸው። የዕለቱ ትምህርት ግን «የዜጎች መብትና ግዴታ» ነበር።

ሸምሱ፦ ግዴታውን ዘለልከው!

ዳምጠው፦ ዘለልኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ይገባኛል።

ሸምሱ፦ ቆይ እንጂ! እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ከርሜ፣ አንተ እንዲህ ቀልጠፍ ብለህ ታምናለህ? ሰው እንዲህ ይደረጋል?

ዳምጠው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሸምሱ፦ ደግሞ ማንን ትመርጣለህ አይደለም የእኔ ጥያቄ። ከፈለግክ የጎረቤቴን በግ ምረጥ! «ቀበሌ ተቀምጦ ዝም የሚል ሁሉ አድርባይ ነው» ብለሃል። ብለሃል አላልክም?

ዳምጠው፦ ብያለሁ።

ሸምሱ፦ እራት ላይ፣ የጎረስኩትን ሳልውጥ፣ «አባዬ፣ አንተ አድርባይ ነህ?» አለችኝ። እናቷ ፊት! ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ ሰውዬ!

ዳምጠው፦ ምን ብለው መለሱላት?

ሸምሱ፦ ቦርሳዋን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወርኩታ። «ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት የለም» አልኳት።

ዳምጠው፦ እሱ መልስ ነው?

ሸምሱ፦ ምን ልበላት ታዲያ? አንተ የሞላሃትን እኮ ነው የደገመችልኝ!

ዳምጠው፦ አልደገመችም። እኔም የመጣሁት ይህንን ልነግርዎ ነው። ያን ቀን ክፍል ውስጥ የሆነውን አልነገረችዎትም?

ሸምሱ፦ ምን ሆነ?

ዳምጠው፦ ያን ነገር ስናገር አርባ ስምንቱ ልጆች ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ናት። «መምህር፣ የእኔ አባት ቀበሌ ነው የሚሠራው፤ አድርባይ ግን አይደለም» አለችኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ «ማስረጃ አለሽ?» አልኳት።

ሸምሱ፦ ልጅ እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች?

ዳምጠው፦ አላት እኮ! «አባቴ ድሮ መሬት ክፍል ነበር። የአለቃውን ወንድም የቦታ ካርታ አልፈርምም ስላለ ነው ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው የመታወቂያ መስኮት ላይ የወረወሩት» አለች።

ሸምሱ፦ ማን ነገራት?

ዳምጠው፦ «እናቴ ናት የነገረችኝ» አለች።

ሸምሱ፦ ይቺ ሴትዮ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብያት ነበር እኮ!

ዳምጠው፦ እውነት ነው ማለት ነው?

ሸምሱ፦ ሽንት ቤቱ አጠገብ የሚለው ትንሽ ተጋኗል። መሐል ላይ አንድ መጋዘን አለ።

ዳምጠው፦ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት። የእኔንም መታወቂያ ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ እዚያ መስኮት ላይ ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ ስምዎን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሸምሱ፦ እንዲያ ከተከራከረችልኝ፣ ቤት መጥታ ለምን ወጋችኝ?

ዳምጠው፦ ልትቀመጥ ስትል ምን አለች መሰለዎት? «እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬ እጠይቀዋለሁ» አለች።

ሸምሱ፦ «ዛሬ እጠይቀዋለሁ» አለች?

ዳምጠው፦ እንዲያ ነው ያለችው።

ሸምሱ፦ ከአፌ ልትሰማ ነው የጠየቀችኝ በለኛ።

ዳምጠው፦ ይመስለኛል።

ሸምሱ፦ እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክፍልፋይ ሳስደምራት ከረምኩ።

ዳምጠው፦ ክፍልፋይም ያስፈልጋታል።

ሸምሱ፦ አታጽናናኝ! ይልቅ ንገረኝ፣ ብትመለስ ያንኑ ስብከትህን ልትግታት ነው?

ዳምጠው፦ ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምመርጠውም ከእኔ ጋር ይቀራል። ክርክሩ ግን እንዲቀር አልፈልግም። እሷ ከሄደች ወዲህ ያልኩትን ሁሉ ዝም ብለው ይጽፋሉ። ሐሙስ ዕለት «መስኮቱን ክፈቱ» ብል አንዱ ጻፈው።

ሸምሱ፦ ሃ! የእኔዋ ደግሞ ከምናገረው አንዱንም አትጽፍም። «አባዬ፣ እሱ እንኳ እርግጠኛ ነህ?» ነው መልሷ።

ዳምጠው፦ ለእኔም እንደዚያ ነበር የምትለኝ። ናፈቀኝ ብልዎ አያምኑኝም።

ሸምሱ፦ ምነው አላምንህ፣ የሚያናድድ ነገር ይናፍቃል።

ዳምጠው፦ የፈተናውን ምዝገባ ቅጽ ይዤ መጥቻለሁ። የሚጎድለው የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው።

ሸምሱ፦ አምጣው እስቲ። አይ፣ ቆይ። አሁን አልፈርምም።

ዳምጠው፦ አቶ ሸምሱ! እስካሁን የተነጋገርነው ምን ሊሆን ነው?

ሸምሱ፦ ቀስ በል፣ ትሰማሃለች። መፈረሙን እፈርማለሁ፤ ግን ከዚያ በፊት አንድ ሥራ አለብኝ። ግባ፣ በር ላይ ምን ያቆምሃል? አንተም ተቀምጠህ ስማ። ሂክማ! ሂክማዬ! ደብተሩን ተይውና ነይ፤ የዚያን ቀን ጥያቄሽን ልመልስልሽ ነው።