ግማሹ ባና

በእኛ ጊዜ እኮ ዘሪቱ፣ የጣርማ በር ሴት ልጅ ያለ ባና አትዳርም። አንቺ ከወለጋ ተፈናቅለሽ የመጣሽ ነሽ፣ ባናን ላታውቂው ትችያለሽ፤ ከበግ ጸጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው፣ ወፍራም፣ ሲለብሱት የሚኮሰኩስ። እናት ትፈትላለች፣ ሸማኔው ሁለት ጠባብ ጠባብ ቁራጭ አድርጎ ይሠራዋል፣ ከዚያ ጎን ለጎን ተሰፍቶ አንድ ይሆናል። እናቴ የእኔን ስንት ክረምት ፈተለችው፣ ነጭ ነው፣ ጸዓዳ። እና ሰርጌ ሊደርስ ሲል ያ የሰባ ሰባቱ ረሃብ መጣ።

ታዲያ ሰዉ ከቆላው ሽቅብ ይመጣል፣ ይመጣል፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። እህል ፍለጋ ነው፤ እህል ደግሞ እኛም ዘንድ የለም፣ ገብሱን ውርጭ በልቶታል። ያለችንን ቆሎ እንካፈላለን። ብርዱ ግን ልጄ፣ አንድ ነጠላ ለብሶ ከቆላ የመጣን ሰው ምን የሚያደርገው ይመስልሻል? ረሃቡ የተወውን እሱ ይጨርሰዋል።

አንድ ቀን እናቴ ከመንገዱ መጣች፣ ሣጥኑን ከፈተች፣ ባናዬን አወጣችና፦

«ምላጭ አምጪ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ዋሻው አፍ ላይ አንዲት አራስ ተቀምጣለች። ልጇን በቀሚሷ ጫፍ ነው የጠቀለለችው።»

«እማዬ፣ ሰርጌስ?»

«ግማሹ ይበቃሻል፣ ሌላውን ባልሽ ያሙቅሽ።»

እና ስፌቱን ተረተረችው። እኔ አለቅሳለሁ፣ ለአራሷም ለባናዬም፣ የቱ እንደባሰኝ አላውቅ።

የፈራሁት አማቴን ነው። ሴትዮዋን ባወቅሻት! አፏ ያው ምላጭ ነው። ግማሽ ሙሽራ መጣችልን ትለኛለች ብዬ ነፍሴ ልትወጣ። ሰርግም ምን ሰርግ አለ፣ ጠላ እንኳ የለም፣ በሽማግሌ ምርቃት ብቻ ሄድኩ። ታዲያ ገና ከመግባቴ ጓዜን ፈታችው፣ ባናውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፦

«ምንድን ነው ይሄ? ሌላውስ?» አለች፣ በአፍንጫዋ።

«ለአራስ ሰጠነው» አልኳት፣ አንገቴን ደፍቼ።

ጓዳ ገባች። ይዛ የወጣችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሷን ባና፣ ጥቁር፣ እሱም ግማሽ!

«የእኔንም ግማሹን አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ለብሶት ሄደ። በይ መርፌ አምጪ» አለችኝ።

እና ነጩንና ጥቁሩን ሰፋነው። ልጆቼን ሁሉ ያሳደግኩት በእሱ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር ዘሪቱ፣ ሰዉ ግን ይናፍቀኛል። እናቴ ትናፍቀኛለች። ያቺ አፈኛ እንኳ ትናፍቀኛለች።

ይህን ጊዜ ዘሪቱ ጣልቃ ገባች።

«እትዬ፣ እኛ መጠለያው የገባን ሰሞን ያመጡልኝ ጥቁሩ ብርድ ልብስ፣ አንድ ዳሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት…»

«የመርፌ ነው። ምን መስሎሽ ነበር?»

«አይጥ የበላው።»

እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የአማቴ ነው፣ እንዳትሰማሽ! ነጩ እኔ ጋ አለ። አገርሽ ስትገቢ የአንቺን ይዘሽው ሂጂ።»

«ወለጋ እኮ ይሞቃል፣ እትዬ።»

«ይሙቅ። የበረደው ሰው ይመጣብሻል።»