ወደ ግሩፑ የሄደው ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጡረታ መሸኛ ምሳዬን ላዘጋጃችሁ፣ ጋቢውን ላለበሳችሁኝ፣ ከሁሉም በላይ የስፌት መኪናችሁን አጥፍታችሁ ለመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ማኑሄ ስለ እኔ ብዙ ደግ ደጉን ተናገሩ። አንዱን ነገር ግን ዘለሉት። እንዳላፍር ብለው ነው፤ ገብቶኛል። ግን እዚህ ውስጥ ያልሰማ ሰው አለ እንዴ?

እሺ፣ ለአዲስ ገቢዎቹ ልንገራቸው። እኔ ደግፌ፣ ለአንዲት ክር ሦስት ቦታ የማስፈርመው የስቶር ኃላፊ፣ የልብ ወለድ ሱሰኛ ነኝ። በተለይ ታሪካዊና የወንጀል ምርመራ ሲሆን አልችልም። ከሳንሱሲ ኮልፌ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ አነባለሁ። ከዚያ በብዕር ስም ቴሌግራም ላይ ሒስ አቀርባለሁ፤ በድምፅ። ቤቴ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ቴሌቪዥን፣ እንግዳ ነው። ፀጥ ያለ ቦታ ባኞ ቤት ብቻ ስለሆነ እዚያ ዘግቼ እቀዳለሁ።

አምና ስለ አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ቀዳሁ። ጅማ የሚወርድ የበቅሎ ነጋዴ ሚስቱ ትሞትበትና ስሟን ለበቅሎው ያወጣል። እዚያ ስደርስ አለቀስኩ። ባለቤቴ ደግሞ በሩን ትደበድባለች፤ «ሰውዬ፣ ልጁ ሊያመልጠው ነው፣ ውጣ!» ተጣድፌ ላክሁት። ቻናሌ ላይ የለጠፍኩት መስሎኛል። ለካ የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ላይ ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። በለቅሶውና በባኞ ቤቱ ቢያበቃ እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር። ግን መጨረሻ ላይ ምን አልኩ? «ውድ አድማጮቼ፣ ቀኑን ሙሉ የምውለው ክርና ቁልፍ ከሚቆጥሩ ሰዎች ጋር ነው። ስለ መጽሐፍ የማወራው አንድ ሰው እንኳ አጠገቤ የለም።»

አጠፋሁት። ግን ማን ሳይሰማው ቀረ?

በማግስቱ የቆረጣ ክፍሉ ጀላል ሰላምታዬን ቀና ሳይል መለሰልኝ። ዘይቱና የሸሚዝ ቁልፍ ልትወስድ መጥታ፣ «ጋሽ ደግፌ፣ እኔ ልቁጠረው ወይስ እርስዎ?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም፤ በትሕትና። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሃፊዛ መጣች። ከስቶሩ በር ፊት ለፊት ተቀምጣ ስንት ዓመት የሰፋች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀውን ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«ምንም። ስለማንኛውም ነገር።»

የመንታ ልጆች እናት መሆኗን እንኳ ገና ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልትወጣ በሩን ይዛ፣ ዞር አለችና፣ «ሰውዬው ግን በቅሎዋን ሸጣት?» አለችኝ።

«ልንገርሽ?»

«እንዳይነግሩኝ! መጽሐፉን ያምጡልኝ።»

አመጣሁላት። ከእሷ ጀላል ወሰደው፣ ከጀላል ዘይቱና። ከዚያማ ምሳ ሰዓታችን ፍርድ ቤት ሆነ። ጀላል በአንዱ የወንጀል ልብ ወለድ ገዳዩ ፋርማሲስቱ ነው ብሎ ማለ፤ ሳይሆን ሲቀር ሁላችንንም ሻይ ጋበዘ። አሁን ሒስ ስቀዳ፣ «አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዳለችው» እያልኩ ነው።

ታዲያ ምን ያሳፍርሃል ትሉኝ ይሆናል። የሚያሳፍረኝ ይሄ ደስታ የአንድ ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ከእናንተ ጋር ዋልኩ እንጂ አብሬያችሁ አልኖርኩም። ከመቶ ዓመት በፊት ለሞተች የነጋዴ ሚስት ሳለቅስ፣ የዘይቱና እናት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሁላችሁም ሄዳችሁ ጠይቃችኋቸዋል። እኔ መታመማቸውንም አላወቅኩም። ዘይቱና፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በይኝ። ለእሳቸውም አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ።

በሉ፣ ዛሬ የሽማግሌ ምርቃት ተቀበሉ። እጃችሁ አይዛል። የሰፋችሁት ለለባሹ ይመርለት። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። ማንበቡንም አትተዉ፤ ጊዜ ባይኖርም እየሰረቃችሁ አንብቡ። ብቻ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ሳታውቁት ጡረታ አይድረስባችሁ።

አሜን በሉኝ።