ክሊፍ ኦልድሮይድ እና ሦስተኛው መሳቢያ

ክሊፍ ኦልድሮይድ እዚህ ቢሮ ሥራ የጀመረ ዕለት በሩ ላይ «ሳብ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ክሊፍ ገፋው። አሥራ አራት ዓመት በራግቢ ሊግ የፊት መስመር ላይ ሰው ሲገፋ የኖረ ሰው ምን ብሎ ያነባል? በሩ ተገንጥሎ የጽሕፈት መኪናዬ ላይ አረፈ። እኔም ሻዬን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

«አዲሱ የሊጉ ጸሐፊ ነኝ» አለ። «ማጠፊያው ላልቶ ነበር፣ የኔ እመቤት።»

ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ሠራን፤ ዛሬ በጡረታ ልንሸኘው ተሰብስበናል።

ውርጭ በጣለ ቁጥር ሜዳው ያጫውት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ሌላ ቦታ በጫማ ተረከዝ ይፈትሻሉ። ክሊፍ ሆን ብሎ ይወድቅበታል። አንድ አሠልጣኝ «ሰውዬ፣ ምን ሆንክ?» ቢለው «ተጫዋች የሚወድቀው በተረከዙ ነው እንዴ?» አለና ደግሞ ወደቀ። ቶሎ ከተነሣ ጨዋታው አለ። ተኝቶ ሰማይ ሰማዩን ካየ ተሰርዟል። ብሬንዳ፣ ሚስቱ፣ ሱሪውን ስታጥብ የኖረችው፣ እዚህ ተቀምጣለች።

ደንቡን ደግሞ ሁላችሁም ቀምሳችሁታል። የተጫዋቾች ፊርማ በጥር የመጨረሻ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያልፈረመ ተጫዋች የምዝገባ ካርዱ ከመሳቢያ ወጥቶ ከተሰረዙት ጋር ምድር ቤት ይወርዳል። የክሊፍ ወንድም ልጅ ግራም አንድ ጊዜ አራት ደቂቃ ዘግይቶ መጣ።

«አጎቴ፣ አራት ደቂቃ እኮ ነው!»

«አጎትህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሄዷል። እዚህ የተቀመጠው ጸሐፊው ነው።»

ግራም ያን ዓመት በሙሉ ከመስመር ውጭ ቆሞ ለተጫዋቾች ብርቱካን ሲያድል ከረመ።

ልጄን ዳረንን የቀበርነው በመስከረም ነበር፤ ስድስት ዓመት አለፈው። ሃያ ዓመቱ ነበር። ኳስ ከያዘ ለጓደኛው አይሰጥም፤ እናቱ ብሆንም ይህን አልክድም። በዚያው ጥር ካርዶቹን ስለይ የእሱ ካርድ ያለበት ሦስተኛው መሳቢያ ላይ ደረስኩና እጄ እምቢ አለኝ። ክሊፍ ከወንበሩ ተነሣ።

«ያንን እኔ እሠራዋለሁ፣ ሞሪን። አንቺ ሻይ አፍዪ።»

መሳቢያውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ላይ እሱ መሳቢያውን ይሠራል፣ እኔ ሻይ አፈላለሁ። የዳረን ካርድ ምድር ቤት እንደወረደ አምኜ ነበር። ምድር ቤት ግን አንድ ቀን ወርጄ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ቁልፉን አስረከበኝ። ከፈትኩት። ካርዱ በቦታው ነው። በዚያ ራግቢ በሰባበረው ጣቱ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር፣ ስድስት ጊዜ «ፊርማ ይጠበቃል» ብሎ ጽፎበታል።

«ክሊፍ፣ ይሄ እኮ ከደንብ ውጭ ነው» አልኩት።

«አቤት ያለ ክለብ የለም» አለና ኮቱን ለበሰ።

ሐሙስ ዕለት መናገር ስላቃተኝ ዛሬ በሰው ፊት ልበለው። አመሰግንሃለሁ፣ ክሊፍ። ልጄን ምድር ቤት አላወረድክብኝም። ከእንግዲህ ያንን መሳቢያ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ጥር ሲመጣ ሰባተኛውን መስመር በእጄ እጽፋለሁ። አቤት ማለት የሚፈልግ ክለብ ካለ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቢሮ አለሁ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። ለክሊፍ! ጤና ይስጥህ፤ ከብሬንዳ ጋር በምትሄዱበት የባሕር ዳርቻ ዕድሜያችሁን ጥገቡ፤ ብትወድቅም አሸዋ ላይ ይሁን።

ስትወጣ ደግሞ፣ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በመግፋት ነው። ለአንድ ቀን እንኳ ትክክል ልትሆን ነው። ብቻ ቀስ ብለህ፣ አትቸኩል።