ወላጅ አምጣ

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በምትወርደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን የልጃቸውን መምህር አገኙት።

«መምህር፣ ‹ወላጅ አምጣ› አሉት አይደል? ሊያባርሩት ነው?»

«በፕላዝማ ቴሌቪዥኑ የሚያስተምረው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲናገር፣ ልጅዎ ድምፁን እያስመሰለ ክፍሉን በሳቅ ይፈጀዋል።»

«ኧረ አዋረደኝ!»

«ትናንት ትምህርቱ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ተናድጄ ‹በል ና፣ አንተ ጨርሰው› አልኩት።»

«እሺ?»

«በዚያው ድምፅ ቀጠለ። እንግሊዝኛው ያልገባቸው ሲያፈጡበት በአማርኛ፣ ከዚያ በጋሞኛ ደገመላቸው። ያ ሁሉ ልጅ ጸጥ ብሎ አዳመጠው።»

«ታዲያ እኔን ለምን ፈለጉኝ?»

«ነገም መብራት የለም ተብሏል። መጥተው ከኋላ ይቀመጡና ይስሙት።»

እኔም «ወራጅ አለ» ሳልል መውረጃዬ አለፈኝ።