የአቶ አምሳሉ ውክልና

ባለፈው ሰኞ ሀዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ጎረቤቴ አቶ አምሳሉና ልጃቸው ዮዲት መንገድ ዳር ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። እኔ መምህር ነኝ፤ ክርክር እያየሁ ማለፍ አይሆንልኝም።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱ» አለች ዮዲት። «ጎንደር ገጠር ያለችው አክስቴ በአያቴ መሬት ላይ እንድትመዘገብ የአባዬ ውክልና ያስፈልጋታል፤ ወራሾቹ ሁለቱ ናቸው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። እሳቸው ግን አልፈርምም ብለዋል።»

አቶ አምሳሉ ቤተ እስራኤል ናቸው። ሀዋሳ የመጡት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱበት ተራ እስኪደርሳቸው፣ ለሁለት ክረምት ብቻ ብለው ነበር። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። በብረት ሥራ ልጅ አሳድገው አስተምረዋል፤ «ነገ ለምሄደው» እያሉ ግን ዛሬም በኪራይ ቤት ይኖራሉ።

«ስሜ ከመሬት ጋር ከተጻፈ፣ ‹ይኼ አገሩ ላይ የተደላደለ ገበሬ ነው› ብለው ከተጓዦች ዝርዝር ይሰርዙኛል» አሉ።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ሁሉም የሚያወራው ነው።»

«ስለ ዝርዝሩ እኔ አላውቅም። ግን በወሬ እኅትዎን ሜዳ ላይ ሊጥሏቸው ነው?»

አቶ አምሳሉ ወደ እኔ ቀረብ አሉ። «አያቴ በሰው መሬት ላይ ኖሮ ሞተ። ሰዉ እሱ የሠራውን ማረሻ ይወስድና መልሶ ‹ቡዳ› ይለዋል። አባቴ ግን መሬት ላራሹ ሲባል ሁለት ጥማድ ደረሰው። ጠዋት ጠዋት ድንበሩን እየዞረ ያየው ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ ያንን በዝምታ ሊያስወስዱት ነው? እኅትዎ ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ከተመዘገቡ ግን ቢያርሱትም ቢያከራዩትም የሚያስነሳቸው የለም።» ጥሩ ተናገርኩ መሰለኝ፤ በራሴ ሳልኮራ አልቀረሁም።

ያሸነፈቻቸው ግን ዮዲት ናት። «አባዬ፣ አክስቴ አብሬህ ልምጣ ስትልዎ፣ ‹አንቺ መሬቱን ጠብቂ› ያሏት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ መንገድ ጀመሩ፤ መሃል ከተማ ሰነድ ወደሚጸድቅበት ቢሮ አብረን ሄድን፤ እዚያም ፈረሙ።

ስንወጣ ዮዲት ደስ ብሏት አክስቷ ቤታቸውን ቆርቆሮ እንደሚያለብሱ፣ በስተርጅና ከሰው ደጅ እንደማይቆሙ አወራች። እኔም መብትን በሕይወት ሳሉ በጽሑፍ ማስያዝ ከስንት ጠብና ፍርድ ቤት እንደሚያድን አስረዳሁ። አቶ አምሳሉ አልሰሙንም።

«መምህር» አሉ በመጨረሻ፣ «ሀዋሳ ውስጥ የእኛ ሰው የሚቀበርበት ቦታ አለ?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ዮዲት ግን ጥያቄው ገብቷት እዚያው መንገድ ላይ አለቀሰች።