ተጓዳኝ አገልግሎት

እንደምን ዋልክ ወንድሜ! ወንበሩ ተለቀቀ? ኧረ አትቸኩል፣ እኔ ምን የሚያስቸኩል ነገር አለኝ። ከጎን ከጎኑ ብቻ አስተካክልልኝ። ከላይ... ከላይ ምን ቀረና ነው! እሱን ፈጣሪ ራሱ ቀድሞህ ጨርሶታል። ባለቤቴ «ለዚች ፀጉር ብለህ ነው ፀጉር ቤት የምትሄደው?» እያለች ትስቅብኛለች። ለወሬው ነው የምሄደው አልላት ነገር።

መስታወቱን ቀየርከው እንዴ? ያምራል። የድሮው ፊቴን ቀጠን አድርጎ ያሳየኝ ነበር፤ ይሄኛው ግን እቅጩን ነው የሚናገረው። አይ፣ እውነት ጥሩ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ይከብዳል እንጂ...

እኔ የምልህ፣ አንድ ትልቅ ሰው እዚሁ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት አሉ። ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩህም! ስም አልጠራሁም። እንዲያው ስቀመጥ ክብር ክብር አለኝና ነው። ራሳቸው እንዴት ነው? ሞልቶ አይደል? እኔ ሐሳብ ሲበዛ ፀጉር ይረግፋል ሲሉ ሰምቼ ነበር። እሳቸው የከተማውን ኪስ በሙሉ ይዘው፣ የማን ገቢ የማን ወጪ እያሉ ውለው፣ አንድ ዘለላ እንኳን አልረገፈባቸውም አሉ። ምን ዓይነት መታደል ነው!

የኔን ሥራ መቼም ታውቃለህ። የማዘጋጃ ቤቱ የታካሚዎች አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ኩላሊታቸው የደከመባቸውን ሰዎች ከየቤታቸው አንስቼ እጥበት ወደሚደረግላቸው ማዕከል አደርሳለሁ፤ ሲጨርሱ እመልሳለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን። አንዱን ቀን ከዘለሉ ሰውነታቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሁለተኛውን ከዘለሉማ... ተወው። ሥራው ቀላል ነው፣ ማንም ይሠራዋል። መሪ መያዝና ቀልድ ማወቅ ነው። ቀልዶቼ ደግሞ ከአውቶቡሱ ይብሳሉ፣ ሞተራቸው አልቋል። ተሳፋሪዎቼ ግን ደጎች ናቸው፣ ይስቁልኛል። ታሞ ለሹፌር ቀልድ መሳቅ ቀላል መሰለህ?

ጸሐፊዋ አለች፤ ጡረታ ከወጣች ቆየች፣ ጣቶቿ ግን አሁንም ጉልበቷ ላይ ይተይባሉ። ዳኛው አለ፤ ድሮ እግር ኳስ ያጫውት የነበረው። ቤቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ካረፈድኩበት ከኪሱ ቢጫ ካርድ አውጥቶ ያሳየኛል። ከፊት፣ ከኔ ጎን፣ መስኮቱ ጋ ደግሞ እማማ ይቀመጣሉ። እማማ የአንድ ትልቅ ሰው እናት ናቸው። የየትኛው ትልቅ ሰው አላልኩም። አንተ ብቻ መቀስህን ያዝ።

ከተማው ገንዘብ አጠረው። ይሄ እውነት ነው፣ በሐሰት አላማም። ገቢው ሳሳ፤ ውሃው አለ፣ የቆሻሻው መኪና አለ፣ የመንገድ መብራቱ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ። ከየቱ ይቆረጥ? አንተ ብትሆን ከየቱ ትቆርጣለህ? እኔ ብሆን ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም፤ ልበ ሙሉ ናቸው። ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰቡና፣ ግድግዳው ላይ ቀለም ቀለም ያለው ክብ ነገር እያሳዩ «ወጪና ገቢያችንን እናመጣጥናለን፤ አንድም መሠረታዊ አገልግሎት ግን አይነካም!» አሉ።

መጀመሪያ ያጨበጨበው ማን ይመስልሃል?

እኔ ነኛ! ያውም ቆሜ። ጸሐፊዋ ከጎኔ ሆና «ቆይ እንጂ፣ ይጨርሱ» ብላ ኮቴን ብትጎትተኝ፣ እኔ ምን ሰምቼ። ለካ ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። መነጽሬን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት፤ ትልቁን ፊደል ለማድነቅ መነጽር አያስፈልግማ! «ተጓዳኝ አገልግሎቶች ይታጠፋሉ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ የታካሚዎች አውቶቡስ። ጸሐፊዋ አነበበችልኝና «አንተን ነው እኮ» አለችኝ። እጄ ገና ከጭብጨባው አልወረደም ነበር።

እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ግን! አየህ፣ ሕክምናው መሠረታዊ ነው፤ አልተነካም። ማሽኑ አለ፣ ነርሷ አለች፣ አልጋው ተነጥፏል። ተጓዳኙ መድረሱ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስመላለስ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ያልተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ነገር ያቀላቅላል። እሳቸው ለዩልን። አንተ እንኳን ስንት ዓመት ስትቆርጥ ጆሮን ከፀጉር ለይተህ ትተዋለህ፤ ለካ ሞያው ገና ይቀርሃል...

ይሄን እንዳትነግራቸው! ሰው ሲያመሰግናቸው አይወዱም፣ ትሑት ናቸው።

እኔንም ሜዳ ላይ አልጣሉኝም። ወንበር ሰጡኝ። ጋራዥ ውስጥ፣ ከቆመው አውቶቡሴ ጎን። ሥራዬ አውቶቡሱ እንዳይሰረቅ ማየት ነው። ማዕረጉን ስማልኝማ፦ «የተሽከርካሪ ደህንነት ክትትል ባለሙያ»። ባለሙያ! እድሜ ልኬን ሹፌር እባል የነበርኩት ሰውዬ፣ መንዳት ሳቆም ባለሙያ ሆንኩ። ጠዋት ገብቼ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። እስከ ማታ ተፋጥጠን እንውላለን። አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቴ እንደዚያ የተሳካልኝ ሥራ የለም።

ተሳፋሪዎቼስ? ጸሐፊዋን ጎረቤቷ ሲመቸው ያደርሳታል፣ ሳይመቸው ይቅርታ ይጠይቃታል። ለእማማ... እማማማ የተባረከ ልጅ አላቸው! የቢሯቸውን መኪና ከነሹፌሩ ላኩላቸው። ለሳቸው እናት መድረሱም መሠረታዊ ነው መሰለኝ፤ ክቡ ላይ ቀለሙ አልታየኝ ብሎ ይሆናል። እማማ ግን በሩ ተከፍቶላቸው «ጓደኞቼንስ ታነሣለህ?» አሉት ሹፌሩን። «አልታዘዝኩም» አለ። «እንግዲያው እኔም አልታዘዝኩም» ብለው በሩን ዘግተው በታክሲ ሄዱ። ዳኛው ደግሞ ኩሩ ነው፣ ለማንም አይደውልም። ከዳገቱ መውረድ ሲያቅተው ቀረ።

አንድ ጠዋት ጸሐፊዋ ጋራዥ ደወለችልኝ። «ዳኛው እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎታል። ሲያወራም ትንፋሹ ይቆራረጣል» አለች። «ምን ላድርግ?» አልኳት። «ባለሙያው አንተ» አለችኝ።

ተነሣሁ። የምጠብቀውን አውቶቡስ ራሴ ሰረቅኩት! ለካ ከሌባ ጠብቅ የተባልኩት ከራሴ ነበር። ጸሐፊዋን አነሣሁ፣ እማማን አነሣሁ፣ ዳገቱን ወጥቼ ዳኛውን በጀርባዬ ተሸክሜ አወረድኩት። ወገቤ እስካሁን ያን ቀን ያስታውሳል። ዳኛው ወንበሩ ላይ ደገፍ ሲል ካርዱን ከኪሱ ለማውጣት ሞክሮ እጁ አልታዘዝ አለው። እኔ ግን ልቤ አብጧል። በመስታወቱ ራሴን እያየሁ «እንዲህ ነው እንጂ ወንድ!» እላለሁ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ፎቶዬን ሳይቀር አስቤዋለሁ፣ በየት በኩል ብነሣ መላጣዬ እንደማይታይ።

አደባባዩ ላይ ስደርስ አውቶቡሱ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ... ቀጥ አለ። ነዳጅ የለውም! ጋራዥ የቆሙት መኪኖች ነዳጅ ለቆሻሻው መኪና ይዋል ተብሎ ተቀድቷል። መቼ? እኔ ጎኑ ተቀምጬ ስጠብቀው! ምሳ ሄጄ ይሁን አንቀላፍቼ፣ እኔ እንጃ። ስንት ዘመን መሪ የያዝኩ ሰው፣ ጀግና መሆን አስቸኩሎኝ ቆጣሪውን እንኳን አላየሁትም።

የት እንደቆመ ልንገርህ? ማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት።

ከኋላ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። ወርጄ ብቻዬን እገፋለሁ፤ አውቶቡሱ ፍንክች አይልም፣ ሱሪዬ ብቻ ነው የተቀደደው። ይሄኔ ትልቁ ሰው ከፎቅ ወረዱ። እንዴት ያለ ኮት ለብሰዋል መሰለህ! ወደ ማንም ሳይዞሩ በቀጥታ ወደ እማማ መስኮት ሄዱ።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ውረጂ፣ መኪናዬ ያድርስሽ።»

እማማ መስኮቱን ከፈት አደረጉ። ከዚያ «የኔ ልጅ» አሉ፣ በለሆሳስ፣ «እኔ መሠረታዊ ነኝ ወይስ ተጓዳኝ?»

ወንድሜ... አውቶቡሱን መግፋቴን ተውኩ።

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው» አሉ እሳቸው።

«ይየና! ሰው ነው እንጂ ሌላ ምን ያየናል? መኪናህን አምጣና መጀመሪያ ይሄን ሰውዬ አድርሰው፣ እየሞተብህ ነው። ቀጥሎ ጸሐፊዋን። እኔ መጨረሻ እሄዳለሁ።» ይሄን ብለው ወረዱና የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ትይዩ፣ ቁጭ አሉ።

የሰውን ደግነት አልክድም፤ ትልቁ ሰው ዳኛውን በብብቱ ይዘው ከኔ ጋር ተሸክመውታል። ኮታቸው ተጨማዷል፣ ፊታቸውም አመድ መስሎ ነበር። እንደዚያም ሆነው ግን ፎቶ የሚያነሣ ሰው እንዳለ ዞር ብለው ማየቱን አልረሱም። ጥንቁቅ ናቸው። እኔም ዞር ብዬ ነበር፣ ልዋሽህ አልችልም፤ እኔ እንኳን ቢያነሡኝ ብዬ ነው።

ዳኛው ሳንባው ውሃ ሞልቶ ነበር። ብዙ ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ተረፈ፣ ተመስገን። ዳገቱን ግን ከእንግዲህ አይወጣም፤ ቤቱን ትቶ እህቱ ዘንድ ምድር ቤት ገባ። ሄጄ ስጠይቀው ፊሽካውን ሊነፋልኝ ሞከረ። አየር ብቻ ወጣ። «ጨዋታው አላለቀም፣ ትንፋሼ ነው ያለቀው» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት። ተራዬ ነበር።

አውቶቡሱም ተመለሰ! በድሮ ስሙ መሰለህ? «የተቀናጀ የታካሚዎች ምልልስ ፕሮጀክት» ተብሎ። ያው ወንበር፣ ያው ሞተር፣ በሩ ላይ ሪባን ታስሮበት። ትልቁ ሰው ሪባኑን ቆረጡ፤ ለመቁረጥ እጃቸው ይሄድላቸዋል። «ይህ ሐሳብ ከሕዝቡ ጋር ጎን ለጎን ቆሜ ያመነጨሁት ነው» አሉ። እውነት ነው፣ ቆመው ነበር፤ አደባባዩ ላይ። ገንዘቡስ ከየት ተገኘ? የአዳራሹን ምንጣፍ ማደስ ለጊዜው ይቆይ ተብሎ ነው አሉ። በጀቱም ምንም ሳይዛነፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለካስ ያን ጊዜ ሁሉ ምንጣፉ ከዳኛው ይቀድም ኖሯል።

ለኔ አውቶቡሱን ያለ ፈቃድ አንቀሳቅሰሃል የሚል ማስጠንቀቂያና ለምርቃቱ መጥሪያ በአንድ ፖስታ ደረሰኝ። ሁለቱንም ፈረምኩ። ሪባኑ ሲቆረጥ መጀመሪያ ያጨበጨበው ማን ይመስልሃል? ... አትሳቅ! እጄ ለምዶበት ነው። ጸሐፊዋ በጎን አየችኝና «አሁንስ መነጽር አድርገሃል?» አለችኝ። አድርጌ ነበር። ይሄ ነው የባሰው።

እማማ አሁንም ከጎኔ ናቸው። ስልካቸው ሲጠራ አየት ያደርጉና «አውቶቡስ ውስጥ አይሰማኝም» ብለው ወደ ቦርሳቸው ይመልሱታል። ልጅ ለእናቱ እንዲህ አጥብቆ ሲደውል ደስ አይልም?

ኧረ በቃ፣ አንገቴን ጠረግ ጠረግ አድርግልኝና ልሂድ፤ ሰዎቼ ይጠብቁኛል። እኔ በሰው ቂም አልይዝም። ለሳቸውም ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳስነሣ ከልቤ ነው የምመርቃቸው። ዕድሜ ይስጣቸው። የልጅ ልጅ ይዩ። ጸጋውን ሁሉ አይተው፣ ጠግበው፣ በሰላም ያርጁ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ከደጃቸው እስከ መንገዱ ሲርቅባቸው፣ ያን ጊዜ ፈጣሪ አይርሳቸው፤ በወንበራቸው ላይ ልክ እንደሳቸው ያለ ሰው አስቀምጦ ይጠብቃቸው።