ስኳሬን ሊጠይቁ የመጡት እትዬ አስካለ

ላምበረት አንድ ፋርማሲ በር ላይ ብርቱካን ልጬ እየበላሁ ተራዬን ጠበቅኩና ስኳሬን ተለካሁ። ሁለት መቶ ዘጠና! ደንግጬ ለሚስቴ ደወልኩላት። አያት ኮንዶሚኒየም ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ ሳሎኔን ሞልቶታል። ለስኳር በሽተኛ ምን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው? ሙዝና ማልት! እትዬ አስካለማ ትልቅ የማንጎ ጁስ ይዘዋል።

ነርሷ ጎረቤታችን መለኪያዋን ይዛ ገባች። «ቅድም ስትለካ እጅህን ታጥበህ ነበር?»

«ኧረ ብርቱካን ልጬበት ነው የተለካሁት።»

«አይ አንተ! የተለካው የብርቱካኑ ስኳር ነዋ!» በሳሙና አስታጥባ ደግማ ለካችኝ፤ ዘጠና አራት። ሚስቴ እልል አለች።

እትዬ አስካለ «እሰይ፣ እግዜር ማረህ» ብለው ሳሙኝና ጁሳቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ሦስተኛ ፎቅ የእውነት ስኳር ያለባቸው ሰውዬ አሉ፤ እሳቸውን ልጠይቅበት።»